የአሸዋ ድንጋዩ ዩራኒየሙን እንዴት መራው?

ጥያቄ፦ በካናዳ፣ በአታባስካ ተፋሰስ፣ ዩራኒየሙ ከአሸዋ ድንጋይ ግርጌ መከማቸቱን አነበብኩ። ድንጋይ ፈሳሽን እንዴት ይመራል?

መልስ፦ አሸዋውን በአብዛኛው ያነጠፉት ከ1.7 ቢሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ወንዞች ናቸው። ንጣፉ ወደ ጥልቅ ሲቀበር በውስጡ የሚዘዋወረው ውሃ ከባሕር ውሃ በብዙ እጥፍ ጨዋማ፣ ሙቀቱም ወደ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር። ውሃው እንዳሻው አልሄደም። ጠጠር የበዛበት ሻካራ ንጣፍ ያሳልፈዋል፤ ሸክላማ ወይም በሲሊካ (የአሸዋ ዋና ማዕድን) የተደፈነ ንጣፍ ያግደዋል፤ ስለዚህ ወደ ጎን ይፈስሳል። ኦክሳይድ የማድረግ፣ ማለትም ከሌሎች ነገሮች ኤሌክትሮን የመንጠቅ፣ ባሕርይ ስላለው ዩራኒየምን አሟሙቶ ይሸከማል። ከሥር ካለው አሮጌ ዐለት የሚነሣ፣ ግራፋይት (እርሳስ የሚሠራበት የካርቦን ዓይነት) ያለበት ስንጥቅ ጋ ሲደርስ ግን ኬሚስትሪው ይገለበጥና ዩራኒየሙ ወደማይሟሟ ማዕድን ተለውጦ ይቀራል። በ1981 የተገኘው የሲጋር ሌክ ክምችት እንዲህ ባለ ቦታ፣ ከ400 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ ይገኛል።

ዩራኒየም ፍለጋ የሚደረግ ብዙ ቁፋሮ የሚከሽፈው ግራፋይትን ብቻ በመከተል ነው። ግራፋይት ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ከአውሮፕላን በሚደረግ ልኬት ይታያል፤ አብዛኛው ስንጥቅ ግን ዩራኒየም የለበትም። ወሳኙ የቁፋሮ ናሙናው ነው፤ ጨረሩ በመሣሪያ ከተለካ በኋላ በቅርበት ይመልከቱት። ቀዩ ድንጋይ ነጥቶ፣ በጣት ሲጫኑት የሚፈረፈር ሸክላ ከሆነ ትኩሱ ፈሳሽ በዚያ አልፏል፤ ቀጣዩ ጉድጓድ ወደዚያው ይጠጋል።