ሐረጎን ሳትወጣ፣ ፋይሏን ሳታይ ቀብድ አትክፈል

ከወልድያ «ደሴ ላይ አንዲት ኮሮላ አይቻለሁ፤ ቀለሟ አዲስ ነው፤ ደላላው ዛሬውኑ ቀብድ ካልከፈልህ ታመልጥሃለች ይለኛል፤ ዋጋዋ ተገቢ መሆኑን በምን ልወቅ?» ብለህ የጠየቅኸው ወንድማችን፣ አብሽር፤ ግን ዛሬ አንድም ብር አትክፈል። ቀብድ ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፉን ይመልሳል። ቀብድህ ከተያዘ በኋላ ጉድለት ብታገኝባት እንኳ ገንዘቤ ይቀራል ብለህ ትገዛታለህ። የሚያስቸኩሉህም ለዚህ ነው።

አንደኛ፣ መኪናዋን ከፒያሳ ሰኞ ገበያ አድርሰህ በመመለስ ሞከርኋት አትበል። ኮምቦልቻ ውረድ፤ ከዚያ ሦስት ሰው ጭነህ ወደ ደሴ የሚያወጣውን ዳገት፣ ሐረጎን ውጣ። ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ሃያ ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን 600 ሜትር ያህል ከፍታ ትወጣለህ። ስትወርድ ፍሬኗ ወደ አንድ ወገን ይስባት እንደሆነ፣ ሽታም ካለው ታውቃለህ። ስትወጣ ደግሞ በሦስተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጣት ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቷ ካልጨመረ ፍሪሲዮኗ (የሞተሩን ኃይል ወደ ማርሹ የሚያስተላልፈው ክፍል) አልቋል። ዓይንህን ከሙቀት መለኪያው አትንቀል። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን ካልያዘ ወይም ጓርኒሲዮኑ (ውሃና ዘይት እንዳይገናኙ ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ማሸጊያ) ከተበላ፣ ሜዳ ላይ ችግሯን ደብቃ የከረመች መኪና ዳገቱ ላይ ታጋልጠዋለች።

እኔ የአሁኗን መኪናዬን ከመግዛቴ በፊት ኮምቦልቻ ላይ ያየኋት መኪና እንደዚያች እንደ አንተዋ ቀለሟ የሚያንጸባርቅ ነበረች። ባለቤቱ «ወላሂ፣ ሞተሯ ተነክቶ አያውቅም» እያለ ይምላል። ሐረጎን ሳናጋምስ መለኪያው ወደ ላይ መውጣት ጀመረ። «ፀሐዩ ነው» አለኝ። መካኒኬ ምንም ሳይናገር እንድንቆም ምልክት ሰጠኝ፤ እስክትበርድ ጠብቀን የዘይቱን ክዳን ስንከፍት ከሥሩ ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፏል። ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። ተሰናብተን ወረድን። ያችን መኪና በኋላ የገዛት ሰው ቴስታታዋን (የሞተሩን የላይኛ ክፍል) አስወርዶ ለማሠራት ያወጣውን ስሰማ፣ ያን ቀን ሐረጎ መውጣቴ ምን ያህል እንዳተረፈኝ ገባኝ። ሞተሩንም በማለዳ፣ ሳይሞቅ አስነሣው። ስትደርስ ኮፈኑ ሞቆ ካገኘኸው ቀድመው አሙቀውልሃል፤ በሌላ ቀን ተመለስ።

ሁለተኛ፣ ዋጋ። በማስታወቂያ የሚጠራውን ሳይሆን የተሸጠበትን ጠይቅ፤ በቅርቡ ተመሳሳይ መኪና የገዛ ሰው ፈልግ። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአሮጌ መኪና ዋጋ ሰማይ ነክቷልና የድሮ ዋጋ ይዘህ አትከራከር። መከራከሪያህ ጉድለቷ ነው። ጎማው ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 2319 ከሆነ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። እኔ የአራቱን ጎማ፣ የፍሬን ሸራውንና የኩሽኔታውን ዋጋ ከመለዋወጫ ሱቅ አስጽፌ ወረቀቱን ሻጩ ፊት አስቀመጥሁ። ደላላው ተቆጣ፤ ሻጩ ግን ቀነሰ። አዲስ ቀለም ያልኸውን ደግሞ እንደ ጥሩ ነገር አትቁጠረው። ላሜራውን በጣትህ ምታው፤ ድምፁ የታፈነበት ቦታ ስቱኮ (ከቀለም በፊት ጉድጓድ የሚሞላበት ልስን) አለ፣ ስቱኮ ያለበት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ግጭት አለ።

ሦስተኛውና ዋናው ፋይሏ ነው። ሊብሬውን (የባለቤትነት ደብተሯን) አይተህ አትርካ። ሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር መኪናዋ ላይ ከተመታው ጋር አንድ መሆኑን ራስህ አንብብ፤ ከዚያ ሻጩን ይዘህ ፋይሏ ወዳለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት ሂድና ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኗን አረጋግጥ። እኛ አገር፣ ወሎ፣ ይህ ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋል፤ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ስንት መኪና እንደተዘረፈ፣ በየመሥሪያ ቤቱ ስንት ሰነድ እንደጠፋ አንተም ታውቀዋለህ።

የእኔ መኪና ፋይል የነበረው በሌላ ከተማ ነው። በመስኮቱ ውስጥ የተቀመጠው ሠራተኛ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ፋይሉ የለም» አለኝ። ምን ላድርግ ስለው «እኔ ምን አውቄ፤ ቀጣይ!» አለ። ከኋላዬ የቆሙት አዛውንት ምጽዋት እንደሚለምኑ ሁሉ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ነበር፤ እሳቸውንም እንደኔው መለሳቸው። ሰው ከሩቅ አገር ሥራውን ጥሎ መጥቶ፣ ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ የሚነግረው አንድ ሰው ማጣቱ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። በስተመጨረሻ ፋይሉ እንደገና እንዲደራጅ ዋናው ዲክላራሲዮን (መኪናዋ ወደ አገር ስትገባ የተሰጠ የጉምሩክ ሰነድ) እና የሻጩ በአካል መገኘት እንደሚያስፈልግ የነገረችኝ ኮሪደር ላይ ያገኘኋት ሌላ ሠራተኛ ናት፤ እግዜር ይስጣት።

እኔን ያዳነኝ ውሉ ነው። ከገንዘቡ ጥቂት የማይባል ክፍል ስም ሲዛወር ብቻ እንደሚከፈል አስጽፌ ነበር። ስለዚህ ዲክላራሲዮኑን ፍለጋ የሮጠው፣ መሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የተሰለፈውም ሻጩ ራሱ ነው። ሙሉውን ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ስልኩንም አያነሣልኝም ነበር።

«ስም ማዛወሩ ይቆይህ፣ ውክልና እንስጥህ» ቢሉህ እምቢ በል። ውክልና ሰጪው ሲሞት ውክልናውም ያበቃል። ጎረቤቴ በውክልና የያዛትን መኪና ባለቤቱ ሲሞት ከወራሾቹ ጋር ፍርድ ቤት ይመላለስባታል፤ ሊሸጣትም አልቻለም።

መካኒክህን ከወልድያ ይዘህ ና፤ ደላላው የሚያመጣልህን አትቀበል። የምታውቀው ከሌለ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ የእኔን መካኒክ ስልክ እሰጥሃለሁ፤ ጊዜ ካለኝም አብሬህ ሐረጎን እወጣለሁ።