ልጆቹ ለምን ወደቁ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ11 ዓመት ልጄ ትምህርት ቤት ውስጥ የማህፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ልትከተብ ነው። በቤተሰብ የቴሌግራም ግሩፓችን ግን ተከትበው የሚወድቁ ሴት ልጆች ቪዲዮ ተላከልን። ከሥሩ «ልጆቻችንን ሊያመክኑብን ነው» ይላል። ላስቀራት?

መልስ፦ እህቴ፣ መጨነቅዎ አይገርመኝም። ልጆቹ በእርግጥ ወድቀው ሊሆን ይችላል። ቪዲዮው እውነት ሆኖ ከሥሩ የተጻፈው ውሸት የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው።

በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የትኛውንም መርፌ ሲወጉ ራሳቸውን ሊስቱ ይችላሉ። ቁርስ ሳይበሉ ከተሰለፉና ፊት ያለችው ጓደኛቸው ስትወድቅ ካዩማ ይብሳል። ነርሷ «15 ደቂቃ ቁጭ በሉ» የምትላቸውም ለዚሁ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ኤል ካርመን ደ ቦሊቫር በምትባል ከተማ፣ ይህንኑ ክትባት የወሰዱ ልጃገረዶች በብዛት ታመሙ፣ ራሳቸውን ሳቱ። ቪዲዮው በዩቲዩብና በማኅበራዊ ሚዲያ ተዛመተ። የአገሪቱ የጤና ተቋም መርምሮ ከክትባቱ ጋር የሚያያዝ በሽታ አላገኘም። ድንጋጤ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ተላልፎ ነበር። የመርማሪዎቹን ውጤት ግን እንደ ቪዲዮው የተቀባበለው የለም። በአገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያውን መርፌ የወሰዱት ልጆች 98 በመቶ ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 14 በመቶ ወረዱ። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው።

ስለ መካንነቱ ልንገርዎ። ክትባቱ የያዘው ካንሰሩን የሚያመጣውን ቫይረስ የውጭ ሽፋን የሚመስል ፕሮቲን ነው። ቫይረሱ ራሱ የለበትም፤ ማህፀንም አይነካም። ልጅ መውለድን የሚያሳጣውስ ካንሰሩ ነው። ሥር ከሰደደ ማህፀን ይወጣል፣ ወይም የጨረር ሕክምና ይሰጣል። ገና ላልወለደች ወጣት ሴት ይህን መናገር እንዴት እንደሚከብድ እኔ አውቀዋለሁ።

አገራችን ክትባቱን የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጆች ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በአንድ መርፌ መስጠት ጀመረች። ክንዷን ሊያማት፣ ቀለል ያለ ትኩሳትም ሊኖራት ይችላል፤ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋታል። ከዚህ በፊት ክትባት ወስዳ ከባድ አለርጂ ገጥሟት ከሆነ፣ ወይም የዚያን ቀን ትኩሳት ካላት፣ አስቀድመው ለነርሷ ይንገሩ።

ቪዲዮውን ለላከው ዘመድዎ ደግሞ ሳይቆጡ ይጻፉለት፦ «ይሄ የት ነው? መቼ ነው? ልጆቹን ያየው ሐኪም ምን አለ?»

ልጅዎንም ያስከትቧት። ጠዋት ቁርሷን አብልተው ይላኳት።