የሜቶዲስቶች የመኸር ምስጋናና የቃል ኪዳን አምልኮ

ጥያቄ፦ እንግሊዝ አገር የምትኖረው ታላቅ እህቴ የምትገለገልበት የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን በመስከረም የመኸር ምስጋና፣ በጥር ገደማ ደግሞ የቃል ኪዳን አምልኮ እንደሚያደርግ ነገረችኝ። በመስከረም ምን ታጭዶ ነው የሚመሰገነው? ቢያብራሩልኝ። አንባቢ፣ ከሰበታ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰበታ ጤፍ ገና አረንጓዴ በሆነበት በመስከረም የእንግሊዝ ስንዴና ገብስ በአብዛኛው ታጭዶ ስላለቀ፣ ምእመናኑ አትክልት፣ ዳቦና የታሸገ ምግብ ይዘው መጥተው በቤተ ክርስቲያኑ ያኖራሉ፤ ከአምልኮው በኋላም ለችግረኞች ይሰጣል። (የሚያርሰው መሬት የሌለው ከተሜ የቆርቆሮ ምግብ ማምጣቱ አያስገርምዎ።)

የቃል ኪዳኑ አምልኮ ከእርሻ ጋር አይገናኝም፤ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በ1755 ለንደን ውስጥ የጀመረው ሲሆን፣ ዛሬ በአብዛኛው በአውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት መግቢያ ምእመናን ራሳቸውን ለእግዚአብሔር ዳግም የሚሰጡበት ጸሎት ነው።

በእኔ አስተያየት ግን ከበዓላቱ ይልቅ ለእኛ የሚቀርበው አነስተኛው የሳምንት ጉባኤያቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1742 በእንግሊዟ ብሪስቶል ከተማ የጸሎት ቤታቸውን ዕዳ ለመክፈል አባላት በአሥራ ሁለት ገደማ ተመድበው፣ እንደ እድራችን ሁሉ፣ መዋጮ ማውጣት ጀመሩ፤ ሰብሳቢውም ሳንቲሙን ለመቀበል በየቤቱ ሲዞር የእያንዳንዱን ኑሮና መንፈሳዊ ሁኔታ ማወቅ ስለቻለ፣ የዕዳው ዘዴ ወደ መንፈሳዊ መተሳሰቢያነት ተለወጠ።