«አፈ ልቤን» ያለኝ ልብስ ሰፊ፦ ለጅማ ወጣት ሐኪሞች

ባለፈው ሳምንት ማታ ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ ኢንተርን (በሥራ ላይ ልምምድ ያለ ዕጩ ሐኪም) ጠየቀኝ። «ዶክተር፣ ጨጓራዬን አመመኝ ያለ ሰው ሁሉ ኢሲጂ ይሠራለት ማለት ነው?» ለማሾፍ አልነበረም። ልጁ ከጠዋት ጀምሮ አልተቀመጠም፤ ኮሪደሩ በአስታማሚ ተጨናንቋል፤ የልብን የኤሌክትሪክ ምት በወረቀት የሚስለው የኢሲጂ ማሽን አንድ ነው፣ ተራ የሚጠብቀው ብዙ። አጭር መልስ ሰጠሁትና ሥራችንን ቀጠልን። ቤቴ ገብቼ ግን እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ይህን የምጽፍላችሁ ያ ጥያቄ የቀሰቀሰብኝን ነገር ይዤው ጡረታ መውጣት ስላልፈለግሁ ነው።

ነሐሴ 1989 ዓ.ም. ነበር። ከተመረቅሁ 2ኛ ዓመቴ ነው፤ እዚሁ ጅማ ተረኛ ነኝ። ቀኑ ሐሙስ፣ የገበያ ቀን። የገበያ ቀን ማታ ድንገተኛ ክፍል እንዴት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ከመኪና የወደቀው፣ በዱላ የተፈነከተው፣ ወባ የሚያንቀጠቅጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው የምንነጋገረው በጩኸት ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ አንድ የ54 ዓመት ሰው ሚስቱ ደግፋው ገባ። ሒርማታ መርካቶ ልብስ ሰፊ ነው። ከሥራው ተነሥቶ ስለመጣ የልኬት ሜትሩ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው። ቢጫ ሜትር፣ ጫፉ ተበልቶ ቁጥሮቹ የጠፉ። በአንዱ ጫፍ ላቡን ጠረገና አልጋው ላይ ተቀመጠ።

«አባባ፣ ምንዎን ነው ያመመዎት?»

«አፈ ልቤን» አለኝ። አውራ ጣቱን ከደረቱ አጥንት ሥር ተጭኖ አሳየኝ።

አፈ ልብ። ቃሏን አስተውሏት። አማርኛ ያቺን ጎድጓዳ ቦታ የልብ አፍ ብሎ ሰይሟታል። እኔ ግን በተማርኩት ቋንቋ ካርዱ ላይ «ኤፒጋስትሪክ ፔይን»፣ የላይኛው ሆድ ሕመም፣ ብዬ ጻፍኩ። «ጋስትሪክ»፣ የጨጓራ፣ የምትለዋ ከተጻፈች በኋላ ሐሳቤ ከጨጓራ አልወጣም። ምን በሉ አልኩ፤ እራት በቆጭቆጫ። ከዚህ በፊት ያምዎታል ወይ አልኩ፤ አልፎ አልፎ። በቃ። የደም ግፊቱን ለካሁ፣ 100 በ60። የልብ ምቱ 52። አንዴ አስመልሶታል። ሚስቱ ከጎን ሆና «የደም ግፊት አለበት፤ ተሽሎኛል ብሎ መድኃኒቱን ከተወው ቆየ» አለችኝ። እኔም 100 በ60 አይቼ ነበርና «አሁንማ ግፊቱ ጥሩ ነው» አልኳት።

ጥሩ ነው አልኳት! ግፊት ያለበት፣ መድኃኒቱን ያቋረጠ፣ የታመመ ሰው ደሙ 100 በ60 ከሆነ ደስ ሊል አይገባም፤ ሊያስደነግጥ ይገባል። በነሐሴ ብርድ ያላበውን ሰው ዳገት ወጥቶ ነው አልኩ። የልብ የታችኛው ግድግዳ ደም ሲያጣ ሕመሙ ወደ ሆድ እንደሚወርድ፣ እንደሚያስመልስ፣ ምቱንም እንደሚያዘገይ ተምሬ፣ ተፈትኜ፣ ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ሲሜቲዲን በመርፌ ሰጠሁት፣ የጨጓራ ሽሮፕ አስጠጣሁት። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ «አልሐምዱሊላህ፣ ቀለል ብሎኛል» አለ። እኔም ይህን እንደ ማረጋገጫ ወሰድኩት። የጨጓራ መድኃኒት አስታገሰው ማለት ልብ አይደለም ማለት እንዳልሆነ ዛሬ ማንኛችሁም ታውቃላችሁ። የኢሲጂ ማሽኗ ከቆምኩበት 40 እርምጃ በማይሞላ ርቀት ዋርድ ውስጥ ነበረች። አስፕሪኑ ከጀርባዬ መደርደሪያ ላይ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ነሐሴ የታተመው፣ 17,187 ሕሙማን የተካተቱበት ጥናት አስፕሪን ብቻውን በድንገተኛ የልብ ሕመም (ኸርት አታክ) ምክንያት የሚመጣውን ሞት ከ5ቱ አንዱን ያህል እንደሚቀንስ ካሳየ 9 ዓመት አልፎታል። ግማሽ ፍሬ እንኳን አስኝኬው አላውቅም። ሲወጣ ትከሻዬን ዓይቶ «ልጄ፣ ይህ ጋውን ሰፍቶሃል፤ ብቅ በል፣ አጠብብልሃለሁ» አለኝ።

ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ በጎረቤት ፒካፕ አመጡት። ሰውነቱ ቀዝቅዞ ነበር።

ሚስቱ አልጮኸችም። የሽሮፑን ጠርሙስ በሁለት እጇ ይዛ መጣችና «ዶክተር፣ ሁለት ጊዜ ነው የሰጠሁት። ሦስተኛውን ተኝቷል ብዬ ተውኩት። እሱ ይሆን?» አለችኝ። አይደለም እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት ነበረብኝ። ቢያንስ «አይደለም» ማለት ነበረብኝ። «የአላህ ሥራ ነው» ብዬ ሌላ በሽተኛ ለማየት ሄድኩ። የዚያኑ ዕለት ተቀበረ። ከሳምንት በኋላ ካርድ ክፍል ሄጄ ካርዱን አስወጣሁት። ሁሉም ነገር ተጽፏል፤ ላቡ፣ 52ቱ፣ 100 በ60ው፣ ግፊቱ፣ በራሴ እጅ ጽሑፍ። ብዙ ቆይቼ ሱቁን ፈልጌ ሄድኩ፤ የሞባይል ጥገና ሆኗል። ሴትየዋ ወደ አጋሮ ሄዳለች አሉኝ፤ አጋሮ ሩቅ አይደለም፣ ግን አልሄድኩም። ምርመራውን መሳቴን ለራሴ ይቅር ብዬው ይሆናል። ያቺን ሴት «ሦስተኛውን ተውኩት» እያለች እንድትኖር መተዌን ግን እስከ ዛሬ አልቻልኩም።

የእናንተን ትውልድ ሳይ የማይገባኝ ነገር አለ። በሽተኛው ሳይነካ አልትራሳውንድ ይታዘዛል። እጅ ከመጨበጡ በፊት ስልክ ይከፈታል። የቀዘቀዘ መዳፍ፣ ያበጠ የአንገት ደም ሥር፣ አልጋ ላይ መጋደም አቅቶት ቁጭ ብሎ የሚያድር ሰው ማሽን አይፈልግም፤ ዓይንና እጅ ነው የሚፈልገው። እኛ በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ዘመን፣ ዩኒቨርሲቲ ከመባሉ በፊት፣ ወደ ማኅበረሰቡ ስንወጣ የያዝነው ጆሮ ማዳመጫና ደብተር ነበር። ሰርቦ ላይ አንዲት የ16 ዓመት ልጅ «አስም ናት» ተብላ ስትታከም የከረመች፣ በጆሮ ማዳመጫ ብቻ የልቧ በር መጥበቡ ተለይቷል። በልጅነቷ በጉሮሮ ቁስል የመጣ የሩማቲክ የልብ በሽታ ነበር፤ በየ4 ሳምንቱ የምትወጋው ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ተጀመረላት። ይህን እየጻፍኩ ሳለ ግን ልብስ ሰፊውን ሊያድነው ይችል የነበረው ያቺው የኢሲጂ ማሽን መሆኗ ትዝ አለኝ። እጄ ነክቶት ነበር፤ ላቡን ነክቶት ነበር። ስለዚህ የትኛውን እንደምመክራችሁ በትክክል አላውቅም፤ ሁለቱንም ይመስለኛል።

ደግሞ አትፍረዱብን ለማለት ያህል፣ ያኔ እውነት መስሎን የጎዳንበትም ነበር። ስትሮክ የመታው ሰው ግፊቱ 220 ሆኖ ሲመጣ ግፊት የሚያወርደውን ኒፌዲፒን ከምላሱ ሥር አድርገን በደቂቃዎች እናወርደው ነበር፤ አንጎሉን ደም እንዳሳጣነው የገባን ቆይቶ ነው። እናንተ ይህን አታደርጉም፤ በዚህ ከእኛ ትሻላላችሁ። ጨው፣ ሲጋራ፣ ስፖርት የሚለውን አልነግራችሁም፤ ለበሽተኛ በየቀኑ የምትናገሩት ነው። ለፈተና ተብሎ ጫት ይዞ የሚታደረውን ሌሊት ግን አይቼ ዝም አልልም፤ ጫት የልብ ምትንም ግፊትንም ከፍ እንደሚያደርግ እያወቃችሁ ነው።

በዓለም ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 17.9 ሚሊዮን ሰው በልብና በደም ሥር በሽታ ሞቷል፤ ከ4ቱ 3ቱ በላይ እንደ እኛ ባሉ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። እዚህ ሲመጣ ደግሞ በሽታው በስሙ አይመጣም። «መጋኛ መታኝ» ብሎ፣ «ብርድ ነው» ብሎ፣ «ጨጓራዬ» ብሎ ይመጣል። ስትሮክ ሆኖ ከዴዶ ወይም ከሊሙ ሲነሣ ጸበል ወይም ዱአ፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሪፈር። የረጋውን ደም ለሚያሟሟው መድኃኒት የተፈቀደው 4 ሰዓት ተኩል መንገድ ላይ ያልቃል። ለዚህ እናንተን አልወቅስም። የመጣውን ሰው ቃል ስሙ ብዬ ብቻ እለምናችኋለሁ፤ አፈ ልቤን ካለ ጋስትሪክ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ያለውን በራሱ ቃል ጻፉት።

ያን ማታ ለኢንተርኑ የሰጠሁት መልስ «ይሠራለት» የሚል ነበር። በሽተኛው የ60 ዓመት ገበሬ ነው፤ ላብ አለው። ማሽኑን አመጣ፣ ገመዶቹን አንድ በአንድ ለጠፈ፣ ወረቀቱን ቆርጦ አሳየኝ። የልብን የታችኛውን ግድግዳ የሚያሳዩትን መስመሮች፣ ሊድ ሁለትን፣ ሦስትን፣ ኤቪኤፍን፣ ከላይ እስከ ታች አየሁ። ምንም የለበትም።

«ጨጓራ ነው ማለት ነው?» አለኝ።

«ሊሆን ይችላል» አልኩት። «አስፕሪኑን አስኝከው፣ ወደ ቤት አትላከው፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ድገመው።» ወንበር ስቤ ከአልጋው አጠገብ ተቀመጥኩና ከገበሬው ሚስት ጋር ማውራት ጀመርኩ።