ሃይድሮጅን በጀሪካን፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ስለ ንጹሕ ኃይልና ስለ ፊውል ሴል (ሃይድሮጅንና ኦክስጅንን አገናኝቶ ኤሌክትሪክ ስለሚሰጠው መሣሪያ) ልጆችን የሚያስተምሩ መምህራንና ወላጆች ከላኩልን ደብዳቤዎች መካከል የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን አካባቢ የ6ኛ ክፍል መምህርት ነኝ። ክፍሌ 58 ተማሪ አለው፣ ቤተ ሙከራ የለንም። ሃይድሮጅን እንዴት ኤሌክትሪክ እንደሚሰጥ በቃል ብቻ ከምናገር ከገበያ በሚገኝ ዕቃ ላሳያቸው እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ። በአንድ ብርጭቆ ውስጥ ውሃውን በኤሌክትሪክ ሰንጥቀው ጋዝ ያወጣሉ፤ ከዚያ ያንኑ ጋዝ መልሰው ኤሌክትሪክ ያደርጉታል።

የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ አራት ማዕዘኑ ባለ 9 ቮልት ባትሪ፣ ሁለት የእንጨት እርሳስ፣ ጫፋቸው ላይ ቆንጣጭ ያላቸው ሁለት ሽቦዎች፣ ከመሃሉ የተቆረጠ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ 300 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቴስተር የሚሉት መልቲሜትር። እርሳሱ 2ቢ ወይም ከዚያ የለሰለሰ ቢሆን ይመረጣል፤ በለሰለሰው ውስጥ ግራፋይቱ (ጥቁሩ ካርቦን) ስለሚበዛ ኤሌክትሪክ በደንብ ያሳልፋል። ላጲስ ካለው ከነቆርቆሮው ነቅለው ሁለቱንም ጫፍ ይቅረጹ።

ባለሱቁ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጥዎት ይጠንቀቁ። ፓውደሩ ውስጥ ሶዳው ከደረቅ አሲድና ከስታርች ጋር ተቀላቅሏል። ውሃ ሲነካው ገና ባትሪው ሳይያያዝ ይፈላል፤ ልጆቹም ያ አረፋ ከኤሌክትሪኩ የመጣ ይመስላቸዋል። የገበታ ጨውም አይጠቀሙ። በጨው ውሃ ውስጥ ከፖዘቲቩ በኩል ክሎሪን ይወጣል፤ ክፍሉ በረኪና በረኪና መሽተት ከጀመረ አንድ ሰው ጨው ጨምሯል ማለት ነው። በእርሳስ ፈንታ ሚስማር ከተጠቀሙ ደግሞ ፖዘቲቩ ላይ ያለው ሚስማር ራሱ እየዛገ ያልቃል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ኦክስጅንም አያዩም።

ሶዳውን በውሃው በደንብ አሟሙ። ካርቶኑን በጠርሙሱ አፍ ላይ አስተኝተው እርሳሶቹን በሁለት ቀዳዳ ያሳልፉ። ከታች 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ውሃ ውስጥ ይግቡ፣ በመካከላቸውም 3 ሴንቲ ሜትር ይራራቁ። የላይኛውን ጫፍ በሽቦ ከባትሪው ጋር ያገናኙ። ወዲያው ሁለቱም አረፋ ይይዛሉ፤ አረፋው የሚበዛው ከኔጋቲቩ ጋር በተያያዘው ላይ ነው፣ ሃይድሮጅኑ እሱ ነው። አረፋ ካልታየ ችግሩ ብዙ ጊዜ ቆንጣጩ እንጨቱን እንጂ ጥቁሩን አለመንካቱ ነው፤ ወይም እርሳሱ ወድቆ ውስጡ ተሰብሯል። ከውጭ ደህና የሚመስል እርሳስ ውስጡ ሦስት ቦታ ተቆርጦ ሊገኝ ይችላል፤ አዲስ እርሳስ ይቀይሩ።

ጋዙን ለመለካት ሁለት ባለ 10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ መርፌያቸውንና መግፊያቸውን አውጥተው ቀዳዳቸውን በሙጫ ይድፈኑ። በሶዳው ውሃ ሞልተው እንደተደፉ በእርሳሶቹ ጫፍ ላይ ያስቀምጧቸው። ለዚህ እርሳሶቹ ከታች ወደ ላይ መቆም ስላለባቸው የጠርሙሱን ቂጥ በስተው በሲሊኮን ሙጫ ማሸግ ይኖርብዎታል። ሙጫው አንድ ሌሊት ይደር፤ ያልደረቀ ሙጫ ጠረጴዛውን በሶዳ ውሃ ያጥለቀልቃል። ቴስተሩ 0.1 አምፔር የሚያሳይ ከሆነ በ10 ደቂቃ ደብረ ብርሃን ላይ 10 ሚሊ ሊትር ያህል ሃይድሮጅን ይሰበሰባል። ይኸው ሙከራ ሰመራ ላይ ቢሠራ የሚሞላው 8 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። የሚወጣው ጋዝ ብዛት እኩል ነው፤ ከፍታ ላይ ግን አየሩ ስለሚሳሳ ያው ጋዝ ሰፍቶ ብዙ ቦታ ይይዛል። ከውጭ አገር በተጻፈ መመሪያ ላይ ያለው ቁጥር ከእርስዎ ጋር ካልገጠመ ይህን ያስታውሱ።

የሃይድሮጅኑ መጠን ከኦክስጅኑ እጥፍ መሆን አለበት፣ ግን በትክክል እጥፍ ሆኖ አይመጣም። ኦክስጅን ከሃይድሮጅን የበለጠ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ሶዳው ፖዘቲቩ ጋ ትንሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጨምራል። በዚሁ ምክንያት ጭስ ብቻ የቀረው ስንጥር ከኦክስጅኑ ጋ ሲቀርብ ላይነድ ይችላል። ልጆቹ ያገኙትን ቁጥር እንዳለ ይጻፉት፤ 2 ለ 1 እንዲሆን ማስተካከል አያስፈልግም።

አሁን ወደ ፊውል ሴሉ። ባትሪው 3 ደቂቃ ከሠራ በኋላ ሽቦዎቹን ከባትሪው ነቅለው ከቴስተሩ ጋር ያገናኙ፤ ቴስተሩ 20 ቮልት ዲሲ ላይ ይሁን። መጀመሪያ ከ1 ቮልት በላይ ያሳያል፣ ከዚያ ቁጥሩ በዓይን እያዩት ይወርዳል። ባትሪ በሌለበት ኤሌክትሪክ የሰጠው በእርሳሶቹ ላይ ተጣብቆ የቀረው ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ነው። ልጆቹ ቁጥሩን በየ10 ሰከንዱ ይመዝግቡ። ቶሎ የሚወርደው እርሳሱ ላይ የሚቀረው ጋዝ ጥቂት ስለሆነና የጋዞቹን ውህደት የሚያፋጥን ፕላቲነም ስለሌለ ነው። ኦክስጅን የነበረበት እርሳስ ፖዘቲቭ ሆኖ ይቀጥላል፤ የሚገለበጠው የኤሌክትሪኩ ጉዞ ነው።

ለ58 ልጅ በየቡድኑ ባትሪ መግዛት ውድ ነው። በገጠር ለአምፖልና ለስልክ መሙያ የሚሸጠው ባለ 6 ቮልት ትንሽ ሶላር ሰሌዳ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እንዲያውም ይሻላል፤ አንድ ልጅ ሰሌዳውን በነጠላ ሲሸፍነው አረፋው ሲቀንስና ሲቆም፣ ሲገልጠው ሲመለስ የኃይሉን መነሻ ሁሉም ያያል።

ጥያቄ፦ እኔ ደግሞ የ5ኛ ክፍል መምህር ነኝ። በቃል ብሞክር፣ በሥዕል ብሞክር፣ በፊውል ሴል ውስጥ ሁለቱን ጋዞች የሚለየው ሽፋን (ሜምብሬኑ) የሚሠራው ሥራ አልገባቸውም።

መልስ፦ ወደ ግቢ ይውጡና በሽምብራ ያጫውቷቸው። 12 ልጆች ሃይድሮጅን ይሁኑ፣ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ይያያዙ፣ እያንዳንዱም አንድ ሽምብራ ይያዝ። ሽምብራው ኤሌክትሮን (በሽቦ ውስጥ የሚጓዘው የኤሌክትሪክ ቅንጣት) ነው። 6 ልጆች ኦክስጅን ሆነው ማዶ ይቁሙ። በመሃል ሌሎች ልጆች ተደርድረው ሽፋን ይሁኑ፣ አንድ ጠባብ በርም ይተዉ። ሕጉ አንድ ነው፦ በበሩ የሚያልፈው ባዶ እጁን የሆነ ብቻ ነው። ስለዚህ ሃይድሮጅኖቹ ሽምብራቸውን በር ላይ ለቆመ ልጅ ያስረክባሉ፤ ሽምብራው በተሰለፉ ልጆች እጅ ለእጅ እየተቀባበለ ግቢውን ዞሮ ማዶ ይደርሳል። ይህ ሰልፍ ሽቦው ነው። በሰልፉ መካከል አምፖል የሆነ ልጅ ይቁም፣ ሽምብራ ባለፈ ቁጥር ያጨብጭብ። ማዶ አንድ ኦክስጅን ሁለት ሃይድሮጅንና ሁለት ሽምብራ ሲደርሰው ተያይዘው "ውሃ!" ይበሉ። መጨረሻ ላይ 6 ውሃ ይኖርዎታል።

ጨዋታው ሁለት ቦታ ይበላሻል። አንዱ ልጆቹ ሽምብራውን ይዘው በበሩ ሲሾልኩ ነው። ሲያዩ አይቆጡ፤ ቀዳዳ ያለው ሽፋን ውስጥ ጋዞቹ በቀጥታ ይገናኛሉ፣ አምፖሉም አያበራም፤ ያንኑ ይንገሯቸው። ሁለተኛው ሽምብራው ሲበላ ነው፣ ስለዚህ ጥሬውን ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ለ10 ዓመት ልጄ በሃይድሮጅን የምትሄድ ትንሽ መኪና ገዝቼላት ነበር። የመጀመሪያውን ሳምንት ሄደች፣ አሁን ሞታለች። ምን ሆና ነው?

መልስ፦ መጀመሪያ የምንጠይቅዎት ምን ውሃ እንደሞሉባት ነው። በእነዚህ መጫወቻዎች ውስጥ ያለው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን የሚፈልገው ዲስቲልድ ውሃ (ተንኖ እንደገና ውሃ የሆነ፣ ማዕድን የሌለው) ብቻ ነው። የቧንቧ ውሃ፣ ተፈልቶ የተጣራ ውሃ፣ "ስፕሪንግ" ተብሎ የሚሸጠው ውሃ ሁሉም ካልሲየምና ሌላ ማዕድን አላቸው። ማዕድኑ ሽፋኑ ውስጥ የሃይድሮጅንን ቦታ ይዞ ይቀራል፤ በዲስቲልድ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ጥቂት ይመልሰው ይሆናል እንጂ አዲስ አያደርገውም። እርስዎ ካሉበት ሱፐርማርኬት በጋሎን ያገኙታል። ኢትዮጵያ ላሉ አንባቢዎች ነዳጅ ማደያ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ጎኑ ላይ የሚደረደረው የባትሪ አሲድ ሌላ ነገር ነውና ጽሑፉን አንብበው ይግዙ።

ውሃው ትክክል ከነበረ ሽፋኑ ደርቋል። በስሪንጅ በሁለቱም በኩል ዲስቲልድ ውሃ ይሙሉና ሳያገናኙ ግማሽ ሰዓት ይተዉት። ደርቆ ሳለ ባትሪ ማገናኘት ሽፋኑን ሊያቃጥለው ይችላል፤ ቀዩንና ጥቁሩን ገልብጦ ማገናኘትም እንዲሁ። ከመመሪያው በላይ ቮልት አይስጡት፤ ለመጫወቻዋ ከመጣው የባትሪ መያዣ ውጪ ሌላ ባትሪ፣ በተለይም ባለ 9 ቮልቱን፣ አያገናኙ። ስትቀመጥ ጥቂት ውሃ ቀርቶባት ቀዳዳዎቿ ተደፍነው በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ትሁን።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ጥያቄ ከብዙዎች ደርሶናል፦ ሞተሩ እየዞረ ኤልኢዲ አምፖሉ ለምን አይበራም? አንድ ፊውል ሴል ሥራ ላይ ሲሆን የሚሰጠው ከ0.6 እስከ 0.9 ቮልት ነው። ቀይ ኤልኢዲ 1.8 ቮልት ገደማ፣ ነጩ 3 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። ለቀዩ ሦስት ሴል በተከታታይ ማያያዝ ይኖርብዎታል።

ጥያቄ፦ ርዕሰ መምህር ነኝ። ሃይድሮጅን ይፈነዳል ብለው ወላጆች ይቃወማሉ። ልፍቀድ?

መልስ፦ ይፍቀዱ። ስጋታቸው ግን መሠረት አለው፦ ሃይድሮጅን ከአየር ጋር ሲቀላቀል ድርሻው ከ4 እስከ 75 ከመቶ በሆነበት ሁሉ ሊነድ ይችላል። የሚያድነን የመጠኑ ማነስ ነው። ከላይ ያልነው 10 ሚሊ ሊትር ሙሉ በሙሉ ቢነድ የሚሰጠው 90 ጁል ያህል ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ በ4 ዲግሪ ያሞቃል። አደጋው የሚመጣው ሁለቱን ጋዞች በአንድ ክዳን ባለው ዕቃ፣ በተለይም በብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ሲሰበስቡ ነው። እሱ ክልክል ይሁን። ክብሪቱን መምህሩ ብቻ ይጫር፣ ጋዙ በፕላስቲክ ስሪንጅ ተደፍቶ ይያዝ፣ የፊት ረድፍ ሁለት ሜትር ይራቅ፣ መምህሩም የዓይን መከላከያ ያድርግ። ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር በኪስ አይያዝ፤ ከጋዙ ይልቅ ልጅ የሚያቃጥለው ይህ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ መማሪያው ላይ ሃይድሮጅን "ንጹሕ የኃይል ምንጭ" ተብሏል። ትክክል ነው?

መልስ፦ "ምንጭ" የሚለው ቃል ነው ያስቸገረን። ሃይድሮጅን ጀሪካን ነው። ጀሪካን ውሃ አያመነጭም፤ ከሞላንበት ይይዛል። ልጆች ይህን በአንድ ቀን ይረዱታል፤ የሚቀጥለው ጥያቄም ከራሳቸው ይመጣል፦ ከየት ቀዳነው?

ዛሬ በዓለም ላይ የሚመረተው ሃይድሮጅን አብዛኛው የሚቀዳው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ነው። ከተፈጥሮ ጋዝ 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ሲወጣ 9 ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። ይህን ጋዝ ሞልታ የምትሄድ መኪና ከጭስ ማውጫዋ ውሃ ብቻ ቢንጠባጠብም ጭሱ ፋብሪካው ጋ ቀርቷል። ኤሌክትሪኩ በአብዛኛው ከውሃ ኃይል በሚገኝበት እንደ ኢትዮጵያ ባለ አገር ውሃ በመሰንጠቅ የሚመረት ሃይድሮጅን ሌላ ታሪክ አለው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ እዚህ ላይ ቢያነሱ ልጆቹ ያውቁታል።

ጀሪካኑ ያፈሳል፣ ይህንም ያሳዩአቸው። 1 ኪሎ ሃይድሮጅን ከውሃ ለማውጣት ከ50 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ኤሌክትሪክ ይፈጃል፤ ጋዙ ውስጥ የሚቀመጠው 33 ያህል ነው፤ ፊውል ሴሉ ከዚያ ግማሹን ወይም ትንሽ በላይ ይመልሳል። በክፍል ውስጥ 10 ሲኒ ውሃ ይስፈሩ። ከመጀመሪያው ባልዲ ወደ ሁለተኛው ሲገለብጡ 4 ሲኒ፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው ሲገለብጡ ሌላ 3 ሲኒ ይድፉ። የቀረው 3 ሲኒ ነው። "ታዲያ ለምን ባትሪ አንጠቀምም?" የሚል ልጅ ከተነሳ ትምህርቱ ገብቶታል። ለመኪና ብዙ ጊዜ ባትሪው ይሻላል ይበሉት። ሃይድሮጅን የማይተካበት ቦታ ግን አለ፦ አባቱ እርሻ ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞንያ ነው፣ አሞንያውም ከሃይድሮጅንና ከናይትሮጅን። እዚህ ቦታ ባትሪ ምንም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ፊውል ሴልን ማን ፈለሰፈው? ጠፈርተኞች ከእሱ ውሃ ይጠጡ ነበር የሚባለውስ?

መልስ፦ በ1830ዎቹ መጨረሻ ዌልሳዊው ዊልያም ግሮቭ የፕላቲነም ቁርጥራጮችን በሰልፈሪክ አሲድ ውስጥ ነክሮ በሃይድሮጅንና በኦክስጅን ኤሌክትሪክ አገኘ። ሙያው ሕግ ነበር፣ በኋላም ዳኛ ሆኗል። እርስዎ በእርሳስና በሶዳ የሚሠሩት የዚያ ታናሽ ወንድም ነው። በጠፈር ፊውል ሴል ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው በ1965 እ.ኤ.አ. በጀሚኒ 5 ላይ ነው። በአፖሎ ጉዞዎች ደግሞ ከፊውል ሴሉ የሚወጣውን ውሃ ጠፈርተኞቹ ይጠጡት ነበር። የእርስዎን ብርጭቆ ግን ማንም እንዳይቀምሰው፤ ሶዳና የግራፋይት ዱቄት አለበት። ሲጨርሱ በብዙ ውሃ አቅጥነው ይድፉት፣ ቆንጣጮቹንም በንጹሕ ውሃ አጥበው ያድርቁ፤ አለበለዚያ ለሚቀጥለው ክፍል አረንጓዴ ዝገት ይዘው ይጠብቅዎታል።