ለአራቢዶፕሲስ የተሠራ አንቲቦዲ ለጤፍ ይሆናል ወይ?

ፎስፎረስ ባነሰው አፈር የበቀለ ጤፍ ሥር ውስጥ ፒኤችአር1 የተባለውን ትራንስክሪፕሽን ፋክተር (ጂኖችን የሚያነቃ ፕሮቲን) ለመለካት፣ ለአራቢዶፕሲስ (ለምርምር ለሚውል ትንሽ ተክል) የተሠራውን አንቲቦዲ (አንድን ፕሮቲን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) ብገዛ ይሆነኛል ወይ ብለው ለጠየቁን እህታችን፣ አራት ኪሎ በሚገኝ ቤተ ሙከራ የዕፅዋት ፕሮቲን ስለምሠራ የማውቀውን ልጻፍልዎ።

ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት አንቲቦዲው በየትኛው የፕሮቲኑ ክፍል ላይ እንደተሠራ ሻጩን ይጠይቁና ያንን ቅደም ተከተል ከጤፉ ጋር ያስተያዩት። የተሠራው ከዲኤንኤ ጋር በሚጣበቀው ክፍል ላይ ከሆነ፣ ይህ ክፍል በብዙ ዕፅዋት ስለሚመሳሰል ጤፍ ላይም ምልክት መስጠቱ አይቀርም፤ ነገር ግን ይኸው ክፍል የቅርብ ዘመዱ በሆነው በፒኤችኤል1 ውስጥም ስለሚገኝ፣ በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በመጠናቸው ለይቶ በአንቲቦዲ የሚያሳይ ዘዴ) ላይ ያዩት መስመር የየትኛው ፕሮቲን እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር አይችሉም። ፒኤችአር1 የሌለው የአራቢዶፕሲስ ዝርያ መስመሩ የሚጠፋበት ከሆነ አንቲቦዲው ይታመናል። ለጤፍ እንዲህ ያለ ዝርያ ማግኘት ስለሚከብድ፣ የጤፉን ፕሮቲን ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ውስጥ አምርተው ከናሙናዎ ጎን ለጎን ቢያስኬዱት ጥሩ ነው። ሥር መምረጥዎ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ቅጠል ቢሆን ኖሮ ሩቢስኮ የተባለው የቅጠል ፕሮቲን በብዛቱ ሌላውን ይሸፍንብዎ ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን ይህን ያስተውሉ፦ ፎስፌት (ተክሉ ፎስፎረስን የሚወስድበት መልክ) ሲያንስ የፒኤችአር1 መጠን እምብዛም አይለወጥም። የሚለወጠው ሥራው ነው፤ ፎስፌት ሲበቃ ኤስፒኤክስ የተባሉት ፕሮቲኖች ይዘው ከዲኤንኤ ያርቁታል፣ ሲያንስ ይለቁታል። ስለዚህ በዌስተርን ብሎት ላይ መስመሩ ባይደምቅ ተክሉ እጥረቱን አልተሰማውም ማለት አይደለም። ናይትሬትን የሚከታተለው ኤንኤልፒ7 የተባለ ሌላ ትራንስክሪፕሽን ፋክተር እንኳ የሚለወጠው በአመዛኙ መጠኑ ሳይሆን በኒውክለስ (ዲኤንኤው ባለበት የሕዋሱ ክፍል) ውስጥ መቆየቱ ስለሆነ፣ እሱን የሚያጠና ሰው ኒውክለሱን ለይቶ ማውጣት አለበት።

አንቲቦዲውን የሚያዙ ከሆነ በደረቅ ዱቄት መልክ የተዘጋጀውን ይምረጡ፤ ጉምሩክ ላይ ቢዘገይም ከፈሳሹ የተሻለ ሳይበላሽ ይቆያል። ከሟሟ በኋላ በትናንሽ ቱቦዎች ከፋፍለው በፍሪዘር ያስቀምጡት፣ ምክንያቱም በተጠቀሙበት ቁጥር ሁሉንም እያቀለጡ መልሰው ቢያረጉት ኃይሉን ያጣል።

የእኔ ምክር ግን በመጀመሪያ ፒኤችአር1 የሚያነቃቸውን፣ እንደ ኤስፒኤክስ1 ያሉ ጂኖችን በኪውፒሲአር (ጂን ምን ያህል እንደሚሠራ በሚለካ ዘዴ) እንዲለኩ ነው። እነሱ ከፍ ካሉና ፒኤችአር1 በቀጥታ የተጣበቀበትን ቦታ ማወቅ ከፈለጉ፣ ያኔ ለቺፕ (ፕሮቲን ከዲኤንኤ የተጣበቀበትን ቦታ ለሚያሳይ ዘዴ) የተፈተነ አንቲቦዲ ይግዙ፤ በዌስተርን ብሎት ቅርጹ የተፈታ ፕሮቲን የሚያውቅ አንቲቦዲ፣ በቺፕ ጊዜ በፎርማልዲሃይድ ከዲኤንኤ ጋር የተያያዘውን ላያውቀው ይችላልና።