ጨዉን መልሰህ አምጣው

ልጆቼ፣

ከሠላሳ ዓመት በላይ ኬሚስትሪ ያስተማረ ጡረተኛ ስለ ነፍስ ሊጽፍ መነሣቱ ሳያስገርማችሁ አይቀርም። ነገሩ የጀመረው ግን ከጨው ነው፤ ጨው ደግሞ ሙያዬ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ኬሚስትሪ ያስተማሩን ሕንዳዊ ነበሩ። አንድ ቀን ጨው በውሃ እያሟሙ፣ ቻንዶግያ ኡፓኒሻድ ከተባለው ጥንታዊ የሕንድ መጽሐፍ አንድ ታሪክ ነገሩን። ሽቬታኬቱ የሚባል ልጅ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ፣ በ24 ዓመቱ ቬዳ የሚባሉትን ቅዱሳት መጻሕፍት ሁሉ ተምሮ፣ ደረቱን ነፍቶ ይመለሳል። አባቱ ኡዳላካ አልተቆጣውም። ማታ ጨው ውሃ ውስጥ እንዲጨምር አዘዘው፤ ጠዋት «የጨመርከውን ጨው አምጣልኝ» አለው። ልጁ ቢዳብስ አጣው። «እስቲ ከዳር ቅመስ።» ጨው ነው። ከመካከል ቢቀምስ ጨው፤ ከወዲያኛው ዳርም ጨው። የሁሉ መሠረት የሆነው ነገርም እንዲሁ ሳይታይ በሁሉ ውስጥ አለ፤ «ሽቬታኬቱ ሆይ፣ ያ አንተ ነህ» አለው።

የእኛ ተረት ጨውን «ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ይለዋል። የኡዳላካ ጨው ግን ራሱን ሰውሮ ነው የሚጣፍጠው።

እኔ ታዲያ እጄን አውጥቼ፣ «ውሃው ቢፈላ እኮ ጨዉ ተመልሶ ይገኛል፤ ስለዚህ ጨውና ውሃ አንድ አልሆኑም» አልኩ። መምህሩ ሳቁና «አንተ የማድቫ ወገን ነህ» አሉኝ። የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በሰው ውስጥ ያለው ራስ አትማን፣ የሁሉ መሠረት ብራህማን ይባላል። ከሕንድ ፈላስፎች ሻንካራ ሁለቱ ፈጽሞ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ካለማወቅ የመጣ ነው አለ። ራማኑጃ ደግሞ ነፍስ ለአምላክ እንደ አካል ናት፤ ያለ እርሱ አትቆምም፣ እርሱን ግን አይደለችም አለ። በ13ኛው መቶ ዓመት የተነሣው ማድቫ ከሁሉም ይብሳል፤ «ያ አንተ ነህ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ሌላ ቦታ ሰንጥቆ «ያ አንተ አይደለህም» ብሎ አነበበው። በሳንስክሪት ቃላት ሲጋጠሙ አንዲት አናባቢ ልትዋጥ ስለምትችል ንባቡ በሰዋስው ያስኬዳል። የቅኔ ተማሪ የሆናችሁ ይህን ዓይነቱን ስንጠቃ ታውቁታላችሁ።

ይህን የምነግራችሁ ብዙዎቻችሁ ዮጋ ስትማሩ «ሁላችንም አንድ ነን» ሲባል ስለምትሰሙ ነው። ማን እንዳለው ጠይቁ። የዮጋ መሠረታዊ መጽሐፍ የሆነው የፓታንጃሊ ዮጋ ሱትራ እንዲህ አይልም። በእርሱ ዘንድ ነፍሳት ብዙ ናቸው፤ የመጨረሻው ግብም ካይቫልያ ይባላል፤ ፍቺው ለብቻ መሆን ነው። የአንዱን ቃል ለሌላው ማልበስ፣ ሁለት ብልቃጥ ቀላቅሎ በአንድ ስም እንደ መጥራት ነው። ሳትቀበሉም ሳትንቁም፣ በየራሱ አንብቡት።

ስለ ሽቬታኬቱ የቀረኝ አንድ ነገር አለ። «ያ አንተ ነህ» የሚለው ቃል በምዕራፉ 9 ጊዜ ይመላለሳል። ያ ሁሉን አወቅሁ ብሎ የመጣ ልጅ ከዚህ ቃል በኋላ ስምንት ጊዜ «ጌታዬ፣ ደግመህ አስረዳኝ» ይላል፤ ተረዳ የሚባለው ከዘጠነኛው በኋላ ነው። እኔ ክፍል ውስጥ አንድን ነገር ስምንት ጊዜ መልሶ የጠየቀኝ ተማሪ አልነበረም። ቢኖርም ኖሮ፣ በሦስተኛው ላይ «ተቀመጥ» እለው ነበር ብዬ እፈራለሁ።